ጉሙ እስኪገለጥ ያቆየሁት ስልክ

መጀመሪያ የከዳኝ ወይን ጠጅ ቀለም ነው። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የጎረቤት ሬዲዮ ከፍቼ ስነካካ፣ አንዱ ሬዚስተር ላይ ያለውን ቀለበት ቡናማ ብዬ አነበብኩት። ሬዚስተር የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚመጥን፣ ከክብሪት እንጨት ያጠረ ዕቃ ነው፤ ልኩ የሚታወቀው ገላው ላይ በተቀቡት ቀለበቶች ነው። ቡናማ አንድ ነው፣ ወይን ጠጅ ሰባት። በቴስተር ስለካው ቁጥሩ አልገጥም አለ። ባትሪው ደክሞ ይሆናል ብዬ የቴስተሩን ባትሪ ቀየርኩ። አሁንም አልገጠመም። ደጅ ወጣሁና ዕቃውን ወደ ሰማይ አንስቼ አየሁት፤ ቡናማ ነው። በማስተማር ዘመኔ የስንቱን ልጅ ነጥብ የቆረጥኩበትን ቀለም እኔው ሰባቱን አንድ ብዬ አነበብኩት። ቴስተሩ ጤነኛ ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። ሬዲዮውን በቴስተር እየለካሁ ጨረስኩና ለባለቤቱ መለስኩ። ከዚያ በኋላ ግን ቀለም ማመን ተውኩ።

የተወለድኩት ድሬዳዋ ነው። አባቴ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር፤ ከሥራ ሲመለስ በረንዳ ላይ ውሃ ያርከፈክፍና ምንጣፍ አንጥፎ የሰው ሬዲዮ ይፈታል። እኔ ብሎኑን በቆርቆሮ ክዳን ላይ እቀበለዋለሁ። ሊድ የምንለውን የብየዳ ሽቦ ማቅለጥ ያስተማረኝ እሱ ነው። መበየጃውን መጀመሪያ እጄ ላይ ሲያኖር፣ «እጅ ሌባ ነው፣ ዓይን ዘበኛ ነው። ዘበኛው ባልደረሰበት እጅሽን አትላኪ» አለኝ። ሌላ ምክር ሲሰጠኝ አላስታውስም። ስለ ትዳር እንኳ አልመከረኝም።

መምህርነት ጨርሼ ዕጣ ስናወጣ መካነ ሰላም ደረሰኝ። ከድሬዳዋ ሙቀት ወጥቼ እዚህ ደጋ ላይ የወረድኩ ቀን ያለኝን ልብስ ሁሉ ደራርቤ ተኛሁ። ፊዚክስ አስተማርኩ፣ የአገሩን ሰው አገባሁ፣ ልጅ አልተሰጠንም፣ ባሌን እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ቀበርኩት። ድሬ ያለው ወንድሜ በደወለ ቁጥር፣ «ነይ እንጂ አቦ፣ እዚያ ብርድ ውስጥ ማንን ትጠብቂያለሽ?» ይለኛል። የምጠብቀው መቃብር አለኝ ብዬ ልመልስለት እፈልግና እተወዋለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የቀረኝ ዳዊቴና ይቺ መስኮት ሥር ያለች ጠረጴዛ ናት። ሰዎች የሞተ ዕቃ ያመጡልኛል፣ እኔ እከፍተዋለሁ። ክፍያ አልቀበልም፤ ደስታዬ የሞተው ነገር ሲተነፍስ መስማት ነው።

ዓይኔ ሲደክም ብልሃት ማበጀት ጀመርኩ። ከደሴ ወፍራም መነጽር አስመጣሁ። የወተት ቆርቆሮ ቆርጬ የራሴን ስልክ የምታቆም እግር ሠራሁላት፤ በካሜራዋ አጉልቼ በስክሪኑ ላይ እያየሁ ከሥሯ እሠራለሁ። ይህ መላ ለማየት ጥሩ ነው፣ እጅ ለመምራት ግን ክፉ ነው፤ እጅሽ እዚህ፣ ምስሉ እዚያ። ዕቃዎቼን በቀለም መደርደር ትቼ በየብልቃጡ ለይቼ አኖርኳቸው፤ ብልቃጡን ሳንቀሳቅሰው በድምፁ አውቀዋለሁ። ሊዱ ሲቀልጥ «ጭስስ» የሚለውን መስማት፣ ሽታውን ማወቅ፣ የደረቀውን በጥፍር ፈትጎ መመርመር ለመድኩ። ዳዊቱንም እንደዚሁ። መጽሐፉን ከፍቼ እቀመጣለሁ፣ ነገር ግን ከንፈሬ የሚለው በቃል የያዝኩትን ነው። ያልያዝኩት መዝሙር ላይ ስደርስ ገጹን ዝም ብዬ እገልጠዋለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ከሁሉም የሚበልጠው ብልሃት ፀሐይ ነበር። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ጠረጴዛዬን ደጅ አውጥቼ ብርሃኑ በትከሻዬ ላይ እንዲወርድ አድርጌ እቀመጣለሁ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ምንም አልነካም። ሰፈሩ ይህን አውቆ ነበር። ጠረጴዛው ደጅ ከሆነ፣ «መምህርት ሱቋን ከፍታለች» ይላሉ።

ባለፈው ሚያዝያ ደሴ ሄጄ ታየሁ። ከንጋት ጀምሮ በሚኒባስ ተጉዤ፣ አቀስታ ላይ በብርዱ እየተንቀጠቀጥኩ ሻይ ጠጥቼ ነው የደረስኩት። ሐኪሟ ብርሃን ዓይኔ ውስጥ እያበራች ደጋግማ አየች። ከዚያ፣ «እናቴ፣ ሁለት ነገር አለ» አለችኝ። «አንዱ ሞራ ነው፣ ይገፈፋል። ሌላው የዓይን ግፊት ነው። ግፊቱ የወሰደውን ማንም አይመልሰውም። ጠብታውን ሳያቋርጡ ይጠቀሙ፣ የቀረውን እናቆይ።»

«ስንት ወሰደ?» አልኳት።

«ከግራው ብዙ።»

«በእጄ ትንንሽ ሥራ እሠራለሁ።»

«ምን ዓይነት? ጥልፍ?»

«ሬዲዮ።» ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ነው። ከዚያ ፊቴን አይታ ሳቋን አቆመች። «ትልቁን ሬዲዮ ይሥሩ፣ ትንሹን ይተዉት» አለችኝ።

ትንሹ ግን የሚተው አልነበረም። እኔ ዘንድ የሚመጣው ከሬዲዮ ይልቅ ስልክ ከሆነ ቆይቷል፤ የሚያመጡትም ሴቶች ናቸው። በሰፈራችን ልጅ ዐረብ አገር ያልላከ ቤት ጥቂት ነው። ልጆቹ ከዚያ ፎቶ ይልካሉ፤ በሰው ቤት ማብሰያ ክፍል ውስጥ ፀጉራቸውን ገልጠው፣ ክንዳቸው ወጥቶ፣ አንዳንዴም እያለቀሱ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ስልኳን ለጥገና ሰጥታ፣ የልጇ ፎቶ በከተማው ወጣቶች ስልክ ሲዞር ተገኘ። ማን እንዳወጣው አልታወቀም። የልጅቱ መታጨት ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ እናቶቹ ስልካቸውን በሻሽ ጠቅልለው እኔ ጋ ይመጣሉ። ሴት ነኝ፣ አሮጊት ነኝ፣ የምድረው ወንድ ልጅ የለኝም፣ ወሬም አላወጣም። ሙያዬን ሳይሆን ዝምታዬን ነበር የሚፈልጉት።

በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴን እትዬ ነው የምላቸው። እዚህ እንደመጣሁ የድሬ ልማዴ ይዞኝ «አንቺ» ብዬ ጠርቻቸው ባሌ በሐፍረት መሬት ሊገባ ነበር። እሳቸው ግን ሳቁ፤ «ተያት፣ የበረሃ ልጅ ናት፣ ሲበርዳት ታከብረናለች» አሉ። በርዶኝ አከበርኳቸው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አንቱ እላቸዋለሁ። እሳቸው ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፣ ፍየላቸው የእኔን ጎመን ስትበላ ብቻ የምንጣላ ጎረቤታሞች ነን። ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ሳዑዲ ነበረች።

ሐምሌ እንደገባ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰዓት፣ በሻሽ የተጠቀለለ ነገር በጉያቸው ደብቀው መጡ።

«መምህርት፣ ይቺን ዕቃ አስነሺልኝ። ልጄ እዚህ ውስጥ አለች።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ማክሰኞ ዕለት የድምፅ መልእክት ገባ። የልጃቸው መልእክት ሲገባ ስልኩ የሚያሰማውን ድምፅ ያውቁታል። አልከፈቱትም። ልማዳቸው ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ በቤታቸው ወዳጃ አለ። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ጫቱ ይዘረጋል፣ ለታመመ፣ ለተሰደደ፣ ለሞተ ዱዓ ይደረጋል። የልጃቸውን ድምፅ እዚያ መካከል ይከፍቱታል፤ ልጅቷ ስትናገር ሰው ሁሉ አሚን ይላል። እኔም አንዳንዴ በር አጠገብ ተቀምጬ አሜን ብያለሁ። ካርድም ቶሎ እንዳያልቅ ብለው መልእክት እንደገባ የስልኩን ኢንተርኔት አጥፍተው እስከ ሐሙስ ያቆዩታል። ያን ረቡዕ ግን ጠፍቶ የነበረው መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ ስልኩ ቻርጅ ላይ ነበር። ጠቆረ፣ አልተነሳም።

«ማክሰኞ ዕለቱን ለምን አልሰሙትም?»

«ብቻዬን ልስማው? የሰው ዱዓ በሌለበት የልጄን ድምፅ በባዶ ቤት ልፍታው?»

«ሲም ካርዱን በሌላ ስልክ አድርገው ቢደውሉላትስ?»

«ደወልን። ዝግ ነው። ረቡዕም ዝግ፣ ሐሙስም ዝግ። ልጄ ስልኳን ዘግታ አታውቅም።» ሻሹን ፈቱና ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ እንደ ሕፃን አስተኙት። «ምን እንዳለችኝ ልስማ። ሌላ ምንም አልፈልግ። ወዴት እንደሄደች ነግራኝ ይሆናል።»

ዓይኔን አውቀዋለሁ። ሐኪሟ ያለችኝንም አውቃለሁ። «እትዬ፣ ይሄ እጅግ ረቂቅ ሥራ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ያለው ጠጋኝ ጎበዝ ልጅ ነው፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት፤ እሱ ጋ ይውሰዱት» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «የልጄን ፀጉር ወንድ ይይ? ከሄደችበት ስትመለስ በምን ፊቷ ትገባ?»

«እሺ» አልኩ። «ፀሐይ ስትወጣ።»

ፀሐይ ግን አልወጣችም። የእኛን አገር ክረምት ያላየ ሰው ይህን እንደ ሰበብ ይቆጥረዋል። ጉሙ ከዓባይ ሸለቆ ተነሥቶ ይመጣና ከተማው ላይ ይተኛል፤ አጥሩ ይጠፋል፣ የጎረቤት ቤት ይጠፋል፣ ሰው ድምፁ ቀድሞት ይመጣል። እኔ መብራት አብርቼ ልሥራ እንዳልል፣ አምፖል ሥር ዓይኔ ፊት የሚንሳፈፍ ክብ ቀለበት እንጂ ሌላ አይታየኝም። ጠዋት ጠዋት እትዬ ከአጥሩ ማዶ ይጠሩኛል።

«መምህርት፣ ዛሬስ?»

«ጉም ነው እትዬ።»

«ይሁን። የአላህ ፀሐይ የት ትሄዳለች፣ ትመጣለች።»

እንዲህ እያልን ሐምሌ አለቀ። ስልኩ በመሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ስጸልይ እዚያ እንዳለ ይሰማኛል። ቀስ በቀስ ጥሪያቸው አጠረ፤ «መምህርት» ብቻ ይላሉ፤ እኔም «ጉም ነው» እላለሁ።

የፍልሰታ ጾም ከገባ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከቅዳሴ ስመለስ፣ ሰማዩ ተከፈተ። ነጠላዬን ሳላወልቅ ጠረጴዛውን ደጅ አወጣሁት። አማትቤ ስልኩን ፈታሁ። ይህን ያህሉን በጣቴ አውቀዋለሁ፤ ብሎኖቹን በቆርቆሮ ክዳን ተቀበልኩ፣ ባትሪውን ነቀልኩ፣ ቦርዱን ነጭ ጨርቅ ላይ አኖርኩ። የተቃጠለ ዕቃ ሲኖር ትንሽ ኃይል ቢለቁበት እሱ ብቻ ይሞቃል። ባለዓይን ሰው አልኮል ቀብቶ የትኛው ላይ ቀድሞ እንደሚደርቅ ያያል። እኔ ማየት ስለማልችል ኃይሉን ለቅቄ ከንፈሬን አስጠጋሁ። የታችኛው ከንፈር ከጣት ይልቅ ሙቀት ያውቃል፤ ይህን ያወቅሁት ራሴ ነኝ፣ አባቴ ይህ አላስፈለገውም ነበር። ቦርዱን ከዳር እስከ ዳር በከንፈሬ ዳሰስኩት። ከቻርጅ መሰኪያው ከፍ ብሎ አንዲት ነጥብ ትኩስ ሆና አገኘኋት። አንዲት የጤፍ ፍሬ የምታህል ዕቃ ናት። እሷ ብትነሣ ስልኩ ይነሣል።

ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ያን ሰዓት ስለ እትዬ ልጅ አላሰብኩም፤ አገኘኋት ብዬ ብቻ ደስ አለኝ።

መበየጃውን አጋልኩ፣ ወረንጦውን አነሣሁ። በመነጽሬ ሳይ ሁለት ጤፎች ጎን ለጎን ናቸው። በካሜራው ሳይ ሦስት ናቸው። መነጽሬን አውልቄ ሳይ የለም፣ ግራጫ ነገር ብቻ ነው። ከእነሱ አንድ ፀጉር ያህል ርቆ ጥቁሩ ትልቅ ዕቃ አለ፤ ስልኩ የሰማውንና ያየውን ሁሉ የሚያኖርበት እሱ ነው። መበየጃዬ እሱን ቢነካ፣ ሙቀት ቢያልፍበት፣ ማክሰኞም ሐሙስም አይኖርም። መበየጃውን አስጠጋሁ። ጫፉ የት እንዳለ አላውቅም ነበር። ከቦርዱ ከፍ ያለ ይመስለኛል፣ ወይም ነክቶታል ይመስለኛል። ሙቀቱ በአፍንጫዬ ይመጣል። ጸሎት ጀመርኩ፣ መካከል ላይ ጠፋኝ።

ዘበኛው አልነበረም። መበየጃውን ቦታው መለስኩትና ሶኬቱን ነቀልኩ። ፀሐይዋ ገና ነበረች። ያን ያህል ጊዜ የጠበቅኳት ፀሐይ ትከሻዬ ላይ ወርዳ ምንም አልጨመረችልኝም።

ስልኩን ገጥሜ በሻሹ ጠቅልዬ እትዬ ቤት ገባሁ። ቆሜ ነገርኳቸው።

«ያለበትን ቦታ አግኝቼዋለሁ። ለማንሣት ግን ዓይኔ አያደርሰኝም።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ?»

«ፀሐይ እየጠበቅኩ ነበር።»

«ፀሐይ ነው ዓይን ነው የጠበቅሽው?» አሉኝ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ የሚያመኝ። ስልኩን ተቀብለው ሻሹን አጠበቁ፣ ፈቱት፣ አጠበቁት። ከዚያ፣ «ጠጋኙ ልጅ ጋ አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አሉ። «ስክሪኑን ሸፍነሽ። እሱ ጀርባውን ይክፈት፣ ፊቷን አይይ።»

ስክሪኑ ላይ ወረቀት አድርጌ ዙሪያውን በፕላስተር አሸግኩት። ሱቅ ስንደርስ የቀድሞ ተማሪዬ፣ አሁን ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት ሰው፣ ስልኩን አገላበጠና አየን።

«ቲቸር፣ ይሄ ስልክ ነው ኒቃብ የለበሰች ሴት?»

«አርፈህ ሥራህን ሥራ።»

«እማማ፣ ሳላየው እንዴት ልጠግነው?»

«አንተ ጀርባውን ጠግን» አሉት እትዬ። «ፊቱ ያንተ አይደለም።»

ሳቀ፣ ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ሌላ ደንበኛ አሳልፎ አላስገባም። ቦርዱን ማጉያ መነጽሩ ሥር ሲያደርግ፣ «ከመሰኪያው ከፍ ብሎ፣ በስተግራ፣ የምትሞቀዋ» አልኩት።

«በምን አወቁ?»

«በከንፈሬ።»

ለአፍታ ዓይኑን ከማጉያው አንሥቶ አየኝ። «እኔን ዘጠነኛ ክፍል ወይን ጠጁን ቡናማ ብለሃል ብለው ውጣ ብለውኛል እኮ» አለኝ። ሊያስቀኝ ነበር። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። ጤፏን በወረንጦ አነሣት። ለእሱ ምንም አልነበረም፤ ሰው ከእህል ላይ ጠጠር እንደሚለቅም ለቀማት። ባትሪውን አገናኘ። ስልኩ ተንቀጠቀጠ፣ የመነሻ ዜማውን ከወረቀቱ ሥር አሰማ።

እትዬ «አልሃምዱሊላህ» ብለው ግድግዳውን ያዙ።

ልጁ ጨዋ ነው። ሳይነገረው እጁን አንሥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እኔ የለሁም» አለ። ሲም ካርዱን አስቀድሞ መልሶ ከትቶልን ነበር።

ፕላስተሩን ላጥኩት። ሙጫው መስተዋቱ ላይ ቀረ። እትዬ እንደ ሐሙስ ልማዳቸው ኢንተርኔቱን አበሩት፤ ጎኔ ገብተው ትንፋሻቸው እጄ ላይ ይሰማኛል። እሳቸው ፊደል አያውቁም፤ ፎቶዋን ግን ያውቃሉና በጣታቸው አሳዩኝ። ፀጉሯ ወደ ኋላ ታስሮ፣ ግንባሯ ሰፊ። ነካሁት። ድምፁ ያለበት መስመር መጣ። እሱንም ነካሁት፤ ዝም አለ። ከሥሩ ግራጫ ጽሑፍ ወጣ። በነጭ ላይ ግራጫ፣ ለእኔ ነጭ ላይ ነጭ ማለት ነው።

«ምን አለች?» አሉኝ እትዬ።

ስልኩን አራቅኩት፣ አቀረብኩት። መነጽሬን ወደ አፍንጫዬ ጫፍ ገፋሁ። በራሴ ስልክ ካሜራ ላየው ሞከርኩ፤ መስተዋቱ ያንጸባርቃል። ጽሑፉ እንደ ጉንዳን ረድፍ ይሄድና ይጠፋል።

«መምህርት፣ ምን ይላል?»

«አንዴ ይቆዩ እትዬ።»

«አይታይሽም እንዴ?»

ያን ጊዜ ነው የገባቸው። ጤፍ የሚያህለው ነገር ብቻ ነበር ያልታየኝ መስሏቸው ነበር። ፊቴን አዩ፣ ስልኩን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱትና ወደ ግድግዳው የዞረውን ሰው ትከሻ ነኩት።

«ና አንተ። ዙር። አንብብልኝ።»

ዞረ። የልጅቷን ፎቶ አየ፤ እንዳየ እትዬም አዩ። ጽሑፉን ለራሱ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ።

«እማማ፣ ድምፁ የለም።»

«ተቃጠለ?»

«አይ፣ ስልኩ ደህና ነው። ድምፁ መጀመሪያም ስልኩ ውስጥ አልወረደም። መግባቱን ነው የነገረዎት እንጂ ካልነኩት አይወርድም። እዚያው መላኪያው ላይ ይቆያል፣ ሲቆይ ደግሞ ይነሣል። ላኪዋን እንደገና ላኪ በሏት ይላል።»

«ስልኳ ዝግ ነው።»

«አዎ።»

«ምን ያህል ይቆይ ነበር?» አልኩት እኔ። መጠየቅ አልነበረብኝም።

«አይታወቅም ቲቸር። ሳምንታት ይሆናል።» ከዚያ ያስተማርኩትን ልጅ ፊት አየሁ፤ ልጅ ሳለ ሰሌዳ ላይ የሠራሁትን ስህተት ሲያይ እያወቀ የሚያልፈኝ ዓይነት ፊት።

እትዬ፣ «ስንት ያህል አውርታለች?» አሉት።

«አንድ ደቂቃ አይሞላም። ርዝመቱን ያሳያል።»

«ሁልጊዜ ታረዝም ነበር» አሉ። ሻሹን ስልኩ ላይ ጠቀለሉት። «ለሐሙስ ብዬ ነው» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አላውቅም።

መንገድ ላይ ክንዴን ያዙኝ። ጭቃው ያዳልጥ ስለነበር ይሆናል፣ ወይም እንደማላይ ስላወቁ። ቀድሞ እኔ ነበርኩ እሳቸውን የምይዘው።

ያን ሐሙስ ወዳጃው ተደረገ። ስልኩ ቻርጅ ሞልቶ መካከል ተቀመጠ። ሰው ሁሉ አየው፣ ማንም አልጠየቀም። ሼኹ ዱዓ ሲያደርጉ «ለጠፋችው» አሉ፤ ስሟን አልጠሩም ነበርና እትዬ ከጥግ ሆነው ስሟን ተናገሩ። እኔ በር አጠገብ አሜን አልኩ።

ከዚያ ወዲህ በሻሽ የተጠቀለለ ነገር አይመጣልኝም። ሴቶቹ ሱቁ ይሄዳሉ። እትዬ ከሄዱ ማን ይቀራል? ልጁ ስክሪን የሚሸፍን ወረቀትና ፕላስተር ባንኮኒው ላይ ማስቀመጥ ጀምሯል አሉኝ። ጥሩ ሰው ነው። ሞራውን ለማስገፈፍ ለኅዳር ቀጠሮ አለኝ። የቀረው ግፊቱ የተወልኝ ያህል ነው። ጠረጴዛዬን ደጅ የማወጣው አሁንም ነው፣ ግን ብልቃጦቹን ከማንቀሳቀስ በቀር ብዙ የምሠራው የለም። መበየጃውን ሶኬት ላይ ካደረግሁት ቆይቷል።

እትዬ ግን ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ። በአጥሩ መጥራት ትተው በበሩ ይገባሉ። የልጃቸውን ቁጥር ይደውሉና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያኖሩታል። እኔ ድሬ ልጅ ሳለሁ ከየመን ሰዎች ጋር በአንድ ግቢ ስላደግሁ ዐረብኛው ይገባኛል። አንዲት ሴት በተቀዳ ድምፅ ሁልጊዜ አንዱኑ ነገር ትላለች። እስክትጨርስ አዳምጣለሁ፣ ምናልባት አንድ ቃል ብትቀይር ብዬ።

«ምን አለች?» ይሉኛል።

«ዝግ ነው አለች እትዬ።»

«እሺ» ይላሉ፣ ስልኩን ጠቅልለው ይወጣሉ። መስተዋቱ ላይ የፕላስተሩ ሙጫ አሁንም አለ። እኔ አይታየኝም፤ ስልኩ ጉንጬን ሲነካ ነው የሚያጣብቀኝ።